ከአጥሩ ወዲህ የቀረው ክፍል

ሚያዝያ 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

በራችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል።

አባዬ፣

ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር፤ አንተም ብትሰማ የምትለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ፎቶ ቤት ተቀምጬ መብራት እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው። የእማዬን ጉርድ ፎቶ ልወስድ መጥቼ፣ ሊታተም ሲል መብራቱ ጠፋ። ፎቶ አንሺው ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ አፉ አያርፍም። “ጄኔሬተር የለህም?” ብዬ ጠየቅኩት። “እህቴ፣ ጄኔሬተር ቢኖረኝ ፎቶ ምን አደከመኝ? መብራት ነበር የምሸጠው” አለኝና በርጩማ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀት ነበር።

ፎቶው ለኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ሐዲዱ ድረስ ያለው በሙሉ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆነ ሁሉ ገላን ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል ተብሏል። እማዬ ወሬውን የሰማች ዕለት እልል አለች። “በስተርጅና የራሴ ሽንት ቤት ሊኖረኝ ነው” አለች። ቤት አላለችም፤ ሽንት ቤት ነው ያለችው።

አንተ የምታውቀው ሰፈር አብዛኛው የለም። ባቡሩ ቆሟል። በሐዲዱ መሐል ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበታል። ፋብሪካህ ተሸጧል፤ የገዛው ሰው ማሽኖቹን አስነቅሎ መጋዘን አደረገው። አንተ ብረት ስትቀርጽ ዕድሜህን የፈጀህበት ቶርኖ የት እንደደረሰ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አላገኘሁም። ለብረት ማቅለጫ ሄደ የሚል ሰው አለ። ልብስ ሰፊው ጋሽ አወል አሁንም እዚያው በረንዳው ላይ ነው፤ ዓይኑ ደክሞ ክር የምታስገባለት ሚስቱ ናት። ወንድሜ ዳንኤል ሁለት ልጆች ወልዶ ከእነ ሚስቱ ከእማዬ ጋር ይኖራል። እኔም ካገባሁበት ቤት ከተመለስኩ ቆየሁ፤ አብሬያቸው ነኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ።

ልጽፍልህ የፈለግኩት ግን ስለ እትዬ አስካለ ክፍል ነው። የምታውቀውን ነገር መልሼ ልነግርህ ነው። ሁለታችንም በሕይወት ሳለን አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥተን ስላልተነጋገርንበት ከመጀመሪያው ልጀምረው።

ግቢው የእሳቸው ነበር። ከባለቤታቸው ከባቡሩ ሠራተኛ ከጋሽ ወልዴ ጋር የሠሩት ነው። ፊት ለፊት ባለ ሦስት ክፍሉ ቤት፣ ከእሱ ጋር ተያይዞ ወደ ጓሮ የሚሄድ ሁለት ክፍል ሰርቪስ። ጋሽ ወልዴ ሲሞቱ እትዬ አስካለ ወደ ሰርቪሱ ገቡና ፊት ለፊቱን ቤት ለአንተና ለእማዬ አከራዩ። ከዚያ የትርፍ ቤቱ አዋጅ መጣ። አንዱን መርጦ ማስቀረት ነው፣ ሌላው ለመንግሥት ነው ተባለ። እኔ ጡት ላይ ነበርኩ፤ ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት። እትዬ አስካለ ማንበብ አይችሉም። አንተ ደግሞ በአዲሱ ቀበሌ የቤቶች ኮሚቴ ውስጥ ገብተህ ነበር። በርህን አንኳኩተው “ተሾመ፣ የቱን ላስመዝግብ?” አሉህ። “ትልቁን ያስቀረ ሰው ነገ አድሃሪ ተብሎ ይጻፍበታል። ትንሹን ይያዙ፣ ማንም አያይዎትም” አልካቸው።

ሰሙህ። ድሃ ለመምሰል ብሎ ሳሎኑን አስረክቦ ማድ ቤቱን ያስቀረ እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ በእኛ ሰፈር እንኳ ሌላም ነበረ። ሁሉም ነገሩ የአንድ ክረምት ነገር መስሎት ነበር። እኛም የእትዬ አስካለ ተከራይ መሆናችን ቀረና የቀበሌ ተከራይ ሆንን። አልጋችንን እንኳ ከቦታው አላነሣንም።

ምክርህ ከልብህ ነበር? ወይስ ቤቱን አስበህ? ይህን አላውቅም። በሕይወት ሳለህ ልጠይቅህ ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

ከዚያ ፋብሪካው ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ላከህ። ዓመት ያህል ቆይተህ ግራጫ ካፖርት፣ ሬዲዮና አንድ ቦርሳ ሙሉ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዘህ መጣህ። ቁልፎቹን አስታውሳለሁ። በፋብሪካው የቆዩት ማሽኖች ከአሜሪካ የመጡ፣ በኢንች የሚለኩ ነበሩ፤ አዲሶቹ ከምሥራቅ የመጡ፣ በሚሊሜትር። የአንዱ ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት የቁልፍ ቦርሳ ተሸክመህ ትዞር ነበር፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ። “ዓለም ለሁለት መከፈሏን ያላመነ የእኔን ትከሻ ይይ” ትል ነበር። እኔ ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ሁለቱ ኃያላን ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ የሚመጣብኝ የአንተ ትከሻ ነው።

ማታ ሲሆን ሬዲዮህን ሞስኮ ላይ ታደርግና ድምፁን ትለቀዋለህ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። እትዬ አስካለ የጋሽ ወልዴ ሬዲዮ ነበራቸው። ዝቅ አድርገው አሜሪካን ይሰማሉ። በመሐላችሁ ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም ይሰማል። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስትገናኙ ትጀምራላችሁ። “አሜሪካ ዝም አይልም፣ ቤቴን ያስመልስልኛል” ይላሉ እሳቸው። “እትዬ፣ አሜሪካ የእርስዎን ጭቃ ቤት የት አውቆት?” ትላለህ። “ራሺያስ የአንተን የት አውቆት ነው ካፖርት ያለበሰህ?” “ካፖርቱ የጀርመን ነው።” “እኮ፣ የተዋስከው እንኳ ከሌላ ነው!” ትስቃላችሁ። የድርቁ ዓመት ደግሞ ከገበያ ዱቄት ገዝተህ ስትገባ ጆንያው ላይ የአሜሪካ እርዳታ ምልክት፣ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ነበሩ። እትዬ አስካለ አዩት። “ጓድ ተሾመ፣ የማንን ዱቄት ነው ልጆችህን የምታበላው?” ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንተም ሳቅህን መያዝ አቅቶህ ጆንያውን ገለበጥከው።

አብራችሁ ስትስቁ ያየሁት የመጨረሻው ያ ይመስለኛል።

አጥሩ የመጣው ፓርቲው ውስጥ ከገባህ በኋላ ነው። አንድ ካድሬ ቤታችን መጥቶ ሻይ ጠጣ። ሲወጣ እትዬ አስካለ ቧንቧው ላይ አጎንብሰው ውሃ ይቀዳሉ። “ጓድ ተሾመ፣ ከቀድሞ አከራይህ ጋር በአንድ ግቢ? ያውም በአንድ ቧንቧ?” አለህ። ሌላ አልጨመረም። በሚቀጥለው እሁድ ቆርቆሮና ማገር አመጣህ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሚስማር የማቀብልህ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሆነውን በደንብ አይቻለሁ። አጥሩን ከቤታችን ጥግ ቀጥ አድርገህ ብታወርደው ቧንቧው ወደ እሳቸው ይቀር ነበር። ጉድጓዱን ጀምረህ ቆምክ። ቧንቧውን አየህ። ከዚያ አጥሩን አጠፍከው። ሲታጠፍ ቧንቧው ወደ እኛ መጣ፤ ቧንቧው ከደጃፉ የነበረው የሰርቪሱ የመጀመሪያ ክፍልም አብሮ መጣ። አንተ ክፍሉን ልውሰድ ብለህ አልነበረም፤ ይህን እመሰክርልሃለሁ። ውሃ ፈልገህ ነው። ግን ክፍሉ ወደ እኛ ሲመጣ መልሰህ አላጠፍከውም።

እትዬ አስካለ ዕቃቸውን በራሳቸው እጅ አወጡ። እኔ የእህል ማሰሮ ተሸክሜ አሻገርኩላቸው። “ተባረኪ” አሉኝ። ማምሻውን ክፍሉ ተጠርጎ የእኔ ሆነ። ግድግዳው ላይ የጋሽ ወልዴ የባቡር ቆብ ይሰቀልበት የነበረ ሚስማር ነበር፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሰቀልኩበት። ለማትሪክ ያጠናሁት እዚያ ነው። ለብቻዬ የማነብበት ክፍል ያለኝ ከጓደኞቼ መካከል እኔ ብቻ ነበርኩ። ነጥብ ሲመጣልኝ ለጎረቤቱ ሁሉ “ልጄ ጎበዝ ናት” ብለህ አወራህ። ጎበዝ ነበርኩ። ክፍልም ነበረኝ።

ለአጥሩ “በርሊን” ብሎ ስም ያወጣለት ጋሽ አወል ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል “ሰናይት፣ የትኛው በርሊን ነሽ?” ይለኛል። “የምሥራቁ” እለዋለሁ። “እሺ፣ ጓድ አባትሽን ሱሪህ ደርሷል በዪልኝ። ለምሥራቅ የምሰፋው ሰፋ አድርጌ ነው፣ ነገ ሊወፍር ይችላል።” የእውነተኛው በርሊን ግንብ የፈረሰ ሰሞን እትዬ አስካለ አጥሩን በጭልፋ መቱት። እራት ላይ ነበርን። “ተሾመ! ሰማህ? የጀርመኖቹ ፈርሷል አሉ። የእኛስ መቼ ነው?” አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። አንተ ተነሥተህ ሬዲዮውን አጠፋህ።

መንግሥት ሲቀየር እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። አሜሪካ መጥቶ ቤታቸውን የሚመልስላቸው መስሏቸው ነበር። መንግሥቱ ተቀየረ፣ ቤቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። አንተን ግን መጥተው ወሰዱህ። የፓርቲ አባል የነበረ ሁሉ ይጣራል ተባለና ካምፕ ገባህ። እማዬ ያን ጊዜ በታይፎይድ ወድቃለች። እኔ በቀን ሥራ ፈልጌ በማታ እሷን አስታምማለሁ። ስንቁን ያመላለሱልህ እትዬ አስካለ ናቸው፤ በእግራቸው፣ በክረምት፣ በጭቃ። በር ላይ የቆመው ታጋይ “እናቱ ነዎት?” ሲላቸው “አይ፣ አከራዩ ነኝ” ብለው መለሱ። ይህን አንተ አልነገርከንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። የነገረን አብሮህ የታሰረው ሰው ነው፣ ለቅሶህ ላይ።

ጥፋት አልተገኘብህም ብለው ለቀቁህ። ከስተህ መጣህ። እኔ ገና ከመኝታዬ ሳልነሣ መዶሻ ስሰማ፣ አጥሩን ልታፈርሰው ነው ብዬ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ትንሽ በር እየቆረጥክ ነበር፣ እሳቸው እየገቡ ውሃ እንዲቀዱ። ከዚያ በኋላ በየሰኔው ጣሪያቸው ላይ ወጥተህ ቀዳዳውን ትደፍናለህ። እስክትታመም ድረስ አንድም ዓመት አላለፈህም። ክፍሉን ግን አልመለስክም፤ እኔም ከክፍሉ አልወጣሁም። የምናመሰግናቸው በጣሪያ ነበር። ክፍሉን መመለስ ወስደን ነበር ማለት ይሆንብናል።

ባለፈው ወር ስለ ሁለቱ ኃያላን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ ማን አሸነፈ?” አለችኝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ነገርኳት። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሌላ መልስ መጣብኝ። በእኛ ግቢ ያሸነፍነው እኛ ነን። ሞስኮም ዋሽንግተንም አንድም ቀን ስለ እኛ ሰምተው አያውቁም፤ ቧንቧውም ክፍሉም በእጃችን ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ለኪዎቹ መጡ። ሜትሩን ዘርግተው ጫፉን የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ፤ ያዝኩላቸው። ሦስቱን ክፍል ለኩ። ወደ እኔ ክፍል ሲደርሱ መሐንዲሱ “ይሄስ የማን ነው?” አለ። እማዬ ፈጠን ብላ “የእኛ ነው! ልጄ ያደገችበት!” አለች። ማደጌስ አድጌበታለሁ። የሜትሩን ጫፍ አንተ በተከልከው ማገር ሥር ይዤ ቆሜያለሁ። እትዬ አስካለ ከቆርቆሮው ማዶ ናቸው፤ የከዘራቸውን ድምፅ ሰምቻለሁ። መሐንዲሱ አየኝ። ምንም አላልኩም። “ቀበሌ፣ አራት ክፍል” ብሎ አስጻፈ።

ከዚያ ወደ ማዶ ዞሩ። ሲመለሱ መሐንዲሱን ለብቻው ጠየቅኩት። እትዬ አስካለ በስማቸው የሚያዝላቸው አንዷ ክፍል ብቻ ናት። እሷ ለምትክ ቦታ አትበቃም፤ የግምት ገንዘብ ይሰጣቸውና ያበቃል። “ሁለት ክፍል ቢሆን ኖሮ ቦታ ይሰጣቸው ነበር” አለኝ። ለእኛ ደግሞ አራት ክፍል ስለሆንን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ሦስት ብንሆን ባለ አንድ ይሆን ነበር አለ። ዳንኤል ሰምቶ ልጆቹን ተሸክሞ ጨፈረ።

በነጋታው በትንሿ በር ገብቼ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። በክፍሏ ውስጥ ከአልጋውና ከእሳቸው ሌላ የሚቆምበት ቦታ የለም።

“ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ለምን አልተናገሩም?” አልኳቸው።

“ማን ጠየቀኝ?”

“አሁን ልጠይቅዎ።”

“አንቺ ስትጠይቂኝ ምን ልበል? በተኛሽበት ላይ ልመስክርብሽ?” ምስሩን አበጠሩት። “ደግሞ እኔ የሞተ ሰው ከስሼ አላውቅም። በሕይወት ያለውንም አልከሰስኩ።”

“የት ይሄዳሉ ታዲያ?”

“ናዝሬት። የእህቴ ልጅ ይምጡ ብሎኛል። ደግ ልጅ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ አለው፣ ባለ አበባ። እንግዳ ሲመጣ እነሣለታለሁ፣ እንግዳ ሲሄድ እተኛለሁ።” ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። “ባቡሩም ቆመ፣ ራሺያም ቆመች፤ እኔ ብቻ ቀረሁ የምንቀሳቀስ። ሰናይት፣ እኔ ካገባሁ ጀምሮ በራሴ ቁልፍ ቆልፌ ነው ያደርኩ። ያ ብቻ ነው ክፉ የሚሆንብኝ።”

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። “አንድ ነገር ንገሪኝ። አባትሽ ያን ጊዜ ትንሹን ይያዙ ያለኝ ከልቡ ነበር?”

“አላውቅም፣ እትዬ።”

“እኔም አላወቅኩም። ስንቅ ይዤለት በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እጠይቀዋለሁ እል ነበር። ከሽቦው ማዶ ሆኖ ሲጎርስ ሳየው ያስተወኛል። እንደ ሕፃን ነበር የሚጎርሰው።”

አንተን እንዲህ ስትጎርስ አይቼህ አላውቅም፣ አባዬ። እሳቸው ያዩህን እኔ አላየሁም። ስለዚህ ከልብህ ነበር ብዬ ልከራከርልህ አልቻልኩም። አልነበረም ብዬም መናገር አልቻልኩም። ዝም ብዬ ወጣሁ፤ መሐንዲሱ ፊት ዝም ካልኩት ጋር ሁለተኛዬ ነው።

ማታውን ለእማዬ ነገርኳት። ቅሬታ ያለው ሰው ለኪዎቹን መልሶ ማስለካት ይችላል፣ ክፍሉ የእትዬ አስካለ ነው ብለን እንናገር አልኳት። መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ “ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ አሁን ልትቀሰቅሺው ነው?” አለች። “ሰው ፊት ቆመሽ አባቴ የሰው ክፍል ወሰደ ልትዪ? ዕድሩ ምን ይላል? አወል ምን ይላል?”

“ጋሽ አወል ሁሉንም ያውቃል። ስም ያወጣለት እሱ ነው።”

“ቤቱን የወረሰው መንግሥት ነው፤ አባትሽ አይደለም!”

“ቤቱን መንግሥት ወረሰ። ክፍላቸውን የወሰደው አባዬ ነው።”

ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ዳንኤል ልጆቹን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። እማዬ ተነሥታ ምድጃው ጋ ሄደች፣ ድስቱን ከፍታ ታማስል ጀመር። ድስቱ ባዶ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ “እኔስ?” አለች። “እኔስ ታይፎይድ ላይ ሳለሁ ልብሴን ያጠበችልኝ እሷ መሆኗን የረሳሁ መሰለሽ? ግን ሁለት ሕፃናት የት ይተኙ?”   ባለ አንድ መኝታ ከደረሰን ልጆቹ ከእኔ ጋር ሳሎን ይተኛሉ፤ ይጠብባቸዋል። ዳንኤል ለተወሰነ ጊዜ አያናግረኝም። ዛሬ ጠዋት ፎቶውን እንዳመጣ ስትልከኝ እማዬ ስለ ክፍሉ አላነሣችም። አትናገሪም አላለችኝም፤ ተናገሪም አላለችኝም። “ቶሎ ተመለሺ” ብቻ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። መሐንዲሱ “ምን ማስረጃ አለሽ?” ይለኛል። ያለኝ ማስረጃ አንተ ነህ። “አባቴ አጥሩን ሲያጥፈው ሚስማር የማቀብለው እኔ ነበርኩ” ማለት አለብኝ። ስምህን ይጽፉታል፤ የወሰደ ተብሎ። ታመህ ስትተኛ እጅህን ይዤ ምንም ነገር አታስብ ያልኩህ እኔ፣ ያልተናገርከውን ልናገርብህ ነው። ስትኖር ልል ይገባኝ የነበረውን፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ጊዜ እላለሁ። ይህ ልክ አይደለም። ዝም ማለቱም ልክ አይደለም፤ ከሁለቱ እሳቸውን ሶፋ ላይ የማያስተኛውን መርጫለሁ።

መቃብርህ ጋ ስመጣ ሰዎች ደግ አባት ነበር እንዲሉልኝ እፈልግ ነበር። ከዛሬ በኋላ የማይሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ግማሽህን ይዤ ግማሽህን አልጥልም፤ ከልጆችህ መካከል አንድ ሰው እንኳ ሙሉውን ይያዝልህ። ሁለቱን ቦርሳ ተሸክመህ ስትገባ፣ ጆንያውን ስትገለብጥ፣ ጉድጓዱን ቆፍረህ ቧንቧውን ስታይ፣ በሰኔ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ቅጥራን ስትቀባ። የዳንኤል ልጆች ሲያድጉ ስለ አያታቸው ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ሁሉንም ነው፤ አንዱን ከአንዱ ሳልለይ።

ለኪዎቹ ዛሬ ከሐዲዱ ማዶ ናቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እዚያ ሠርተው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ ብለዋል፤ የእኛን ሰፈር ቅሬታ የሚቀበሉትም እስከዚያው ነው። ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ሆኜ ይታዩኛል። መሐንዲሱ ቢጫ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ ሰዎቹ ሜትሩን እየጠቀለሉ ነው።

መብራት መጣ። ፎቶ አንሺው አጨበጨበ። “እህቴ፣ ዕድለኛ ነሽ፣ አሁን በአምስት ደቂቃ አወጣልሻለሁ” አለ። የእማዬ ፊት በኮምፒውተሩ ላይ በቀስታ እየታየ ነው፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጥርሷን ገጥማ።

“ቆይ፣ ወዴት ነሽ? ፎቶው እኮ እየወጣ ነው!” ይለኛል።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ነው፣ አባዬ። ይፈርዱብሃል፤ በእኔ አፍ ነው የሚፈርዱብህ። ሐዲዱን ልሻገር።